ለመንግሥት ዋስ የሆኑት ወይዘሮ

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ዓምደ ሚካኤል የተወለዱት በግሼ ደጋ፣ ከራቤል በላይ፣ ገደል አፋፍ በምትባል መንደር ነው። አባታቸው በአገሩ የታወቁት በሀብት ወይም በሹመት አልነበረም፤ በዋስትና ነበር። ከመርሐቤቴ ወጥቶ በቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ በገበያው የሚያውቀው ሰው ሲታጣና ገዢው «የተሰረቀች ብትሆንስ?» ብሎ ሲያመነታ፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ይጠራሉ። የሻጩን ፊት ትክ ብለው ያያሉ። ከዚያ ወይ «እኔ አለሁ» ይላሉ፤ ወይ ምንም ሳይናገሩ ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። «እኔ አለሁ» ካሉ ገበያው ይፈጸማል። ነጋዴው ቢጠፋ ፈልጎ ማቅረብ፣ ካልተገኘም በእርሱ እግር ቆሞ መከሰስ የዋሱ ፈንታ ነው። አንድ ዓመት የጠፋ ሻጭ ፍለጋ እስከ ጃማ ሸለቆ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ሰውየውን ግን ይዘውት መጡ።

ልጃቸው ጥሩሸዋ የወረሱት ይህንኑ ቃል ነበር። ባሏን ሸሽታ ለመጣች ሚስት፣ በድንበር ለተካካደ ጎረቤት፣ በበግ ለሚካሰስ ሁሉ እሳቸው «እኔ አለሁ» ሲሉ ነገሩ ይበርድ ነበር። ባላቸው አቶ ወልደ ጻድቅ ገና በጎልማሳነታቸው ሲሞቱ አንዲት ሴት ልጅ ትተውላቸው አለፉ። ሱፍ እየፈተሉ አሳደጓት፤ ዳሯት፤ አመተሥላሴ የምትባል የልጅ ልጅም አዩ። አብዮቱ መጥቶ በየገበሬ ማኅበሩ የሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ሊቀመንበር የሆኑት መዝሙሩን ስለሚያውቁ አልነበረም። «ኃላፊነቱን የሚወስድ ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሴቱ ሁሉ መሬት መሬቱን ሲያይ፣ እሳቸው ከለመዱት ቃል ሌላ ስላልመጣላቸው ነው።

በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. አፈወርቅ የሚባል ጤና ረዳት ከዋሻ በር ክሊኒክ በበቅሎ መጣ። የያዘው የኩፍኝ ክትባት ነበር። ዓመቱ ክፉ ነው፤ ዝናቡ ቀርቶ ገብሱ በቁሙ ደርቋል፤ ሰው ሁሉ ወደማያውቀው ቆላ ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ይነፍሳል። ሕፃናቱን በመርፌ ሰበብ ሊቆጥሯቸው ነው የሚለው ሐሜት ከበቅሎዋ ቀድሞ ገደል አፋፍ ደረሰ። እናቶች ልጆቻቸውን ጓዳ ሸሸጉ። አፈወርቅ ሣጥኑን እንዳነገተ ከደጅ ደጅ ተንከራተተ፤ የሚከፍትለት አጣ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይህን ሲያዩ ሴቶቹን በቤተ ክርስቲያኑ በር ሰበሰቡና «ለመርፌው ዋስ እኔ ነኝ» አሉ።

ገበያነሽ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ከኋላ ሆና ጠየቀች። «እትዬ ጥሩሸዋ፣ አንቱ ዋስ የሚሆኑት ለማን ነው? ለዚህ ለቀጭኑ ሰውዬ ነው?»

ሴቶቹ ሣቁ። አፈወርቅ እውነትም ቀጭን ነበር።

«ለእሱ አይደለም። እሱ ተላኪ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «መርፌውን የላከው መንግሥት ነው። ለመንግሥት እኔ አለሁ። ልጅሽ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ከእኔ እጅ ጠይቂ።»

ቃሉ የአባታቸው ቃል ነበር፤ አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። አቶ ዓምደ ሚካኤል ዋስ ከመሆናቸው በፊት ዋስ የሚሆኑለትን ሰው ፊት ያዩ ነበር። ወይዘሮ ጥሩሸዋ የመንግሥትን ፊት አላዩም። ለማየት የሚቻል መሆኑንም አላሰቡበትም።

በመጀመሪያ አመተሥላሴን አስወጉ። ከዚያ እናቶች ተራ በተራ መጡ። ገበያነሽም የበኩር ልጇን ወዳጆን አቀረበች፤ ታናሿ ጠጄ ያን ጊዜ ገና የስድስት ወር ሕፃን ስለነበረች ለክትባቱ አልደረሰችም። አፈወርቅ ሣጥኑን ባዶ አድርጎ ሄደ።

በጥር ኩፍኝ ገባ። ያልተወጋውንም የተወጋውንም እኩል ያዘው። በየቤቱ ዓይናቸው የቀላ፣ ሰውነታቸው ሽፍታ ያወጣ ሕፃናት በጨለማ ጓዳ ተኙ፤ ረኃቡ አስቀድሞ አድክሟቸዋልና ብዙዎቹ አልተነሡም። አመተሥላሴም ታመመች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ለእሷ ውኃ እያቀመሱ ከደጅ የሚሰማውን ለቅሶ ይቆጥሩ ነበር፤ የማን ቤት እንደ ሆነ ከድምፁ ይለዩታል፤ በየለቅሶው ላይም ሄደው ከመጨረሻው ጥግ ይቀመጡ ነበር። ማንም አላናገራቸውም። አመተሥላሴ ተረፈች። ወዳጆ ሞተ።

ልጁ በተቀበረ በሣምንቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን፣ ገበያነሽ ጠጄን እንዳዘለች መጥታ ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ፊት ቆመች። የሐዘን ኩታዋን ጫፍ ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረች። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ወዲያው ዐወቁት። ቁራኛ ነው፤ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ በልብሳቸው የሚታሰሩበት። ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

«ዋስ ሆነውልኛል» አለች ገበያነሽ። «ዋስ የሆኑለትን ያቅርቡልኝ።»

«ልጄ፣ መንግሥትን ከየት አምጥቼ ላቅርብልሽ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ‹ለመንግሥት እኔ አለሁ› ያሉት አንቱ ነዎት። የአንቱዋ ተርፋለች፤ የእኔው አፈር ገብቷል።»

የደብሩ ካህን ቄስ ወልደ አማኑኤል ሊገላግሉ ቀረቡ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እጃቸውን አንሥተው ከለከሏቸው። «ይተዉት አባቴ፤ ልክ ናት። ቋጠሮውን የምትፈታው እሷ ብቻ ናት።» ከዚያ ወደ ተሰበሰቡት እናቶች ዘወር ብለው «በሚመጣው እሑድ እዚሁ በር ላይ ዋስ የሆንኩለትን አቀርባለሁ» አሉ። ይህን ሲናገሩ ማንን እንደሚያቀርቡ አያውቁም ነበር።

አስቸኳይ የሆነበት ሌላም ምክንያት ነበረ። አዲስ ክትባት በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ በኩል ዋሻ በር ደርሷል፤ በሽታው ደግሞ ያልገባባቸውን ቤቶች እያንኳኳ ነው። የገደል አፋፍ እናቶች ግን ከእንግዲህ አንድ ልጅ ለመርፌ እንደማያወጡ ተማምለዋል። መሐላቸው የሚፈርሰው የመንግሥት ዋስ ቃሉን ከጠበቀ ብቻ ነው። ዋሱ ካፈረ የቀሩት ልጆችም በዚያው ያልፋሉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይህ ገብቷቸዋል፤ ስለዚህ መቀመጥ አቃታቸው።

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቋጠሮ ወደ ዋሻ በር ወረዱ። ነፋሱ ከፊት ይገፋቸዋል፤ ገበያነሽ ትፈጥናለች፤ ነጠላው ይወጠራል።

«ቀስ በይ እንጂ! ጉልበቴ እንደ አንቺ አይደለም።»

«ዋስ ሲሆኑ ጉልበትዎን አማክረውት ነበር?»

«አፍሽ እንደ እናትሽ ነው።»

«እናቴ ዋስ አትሆንም ነበር። ያ ነው ልዩነቱ።»

ጠጄ በጀርባ ላይ አለቀሰች። ገበያነሽ ለማጥባት ስትቀመጥ ወይዘሮ ጥሩሸዋም አብረው ለመቀመጥ ተገደዱ፤ እንደ ተቀመጡም ጣቶቻቸው ጠጠር ይለቅሙ ጀመር፤ ያስቀምጣሉ፣ ያነሣሉ። «ጨርሳለች?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ።

አፈወርቅ በክሊኒኩ በር ላይ ሲያያቸው ቋጠሮውን አስቀድሞ አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ክትባቱ ምን ሆነ?» አሉት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሰላምታ ሳይሰጡ።

ወደ ውስጥ አስገባቸው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር በምትገኝ ጠባብ ክፍል አንድ ነጭ ማቀዝቀዣ ቆሟል፤ በሥሩ የላምባ እሳት ይነዳል። መድኃኒቱ በሕይወት የሚቆየው ይህ እሳት ማቀዝቀዣውን ሲያሠራ ብቻ መሆኑን አስረዳቸው። እሳት ብርድን ይሠራል ማለቱን ገበያነሽ አላመነችም፤ እጇን በሩ ውስጥ ስታስገባ ግን መልሳ አወጣች።

«በመስከረም፣ በአብዮቱ በዓል ሰሞን፣ ለአዳራሹ መብራት ላምባ ጎደለ ተባለ» አለ አፈወርቅ። «ከክሊኒኩ ተወሰደ። እሳቱ ጠፋ። በዓሉ ካለፈ በኋላም ሳይተካ ሰነበተ፤ የተተካው አሁን በቅርቡ፣ አዲሱ ክትባት ሊመጣ ሲል ነው።»

«ይህን እያወቅህ ወጋሃቸው?»

«አቤት ብዬ ነበር። ጓድ ተገኘ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ ‹ግሼ ራሷ በረዶ ቤት ናት፤ በዚህ ብርድ አገር ማቀዝቀዣ ምን ያደርግልሃል?› አለኝ። እኔም…» አንገቱን ደፋ። «እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ እውነት መሰለኝ። ሌሊት ውርጭ ነው። ቀን ግን ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ይህ ክፍል እንደ ምድጃ ይሆናል። ከላይ የምጠየቀው ደግሞ ስንት ልጅ ተወጋ ተብዬ እንጂ ስንት ልጅ ዳነ ተብዬ አይደለም።»

«ውኃ ነው የወጋኸው በለኛ!» አለች ገበያነሽ።

«ከውኃ የሚሻል አልነበረም።»

በግሼ ማንም ቢጠየቅ ጓድ ተገኘ ያለውን ነበር የሚለው። ሥጋ የማይሸትበት፣ ወተት የሚሰነብትበት አገር ነው፤ ሰው በብርዱ ይኮራል። እሳቸውም ቢጠየቁ ያንኑ ይመልሱ ነበር። ነገር ግን እሳቸው የላምባ አዛዥ አልነበሩም፤ ሳያውቁ የሚያዝዙበት ሹመትም አልነበራቸውም። አሁን ቢያንስ ለመንግሥት አንድ ፊት ተገኝቶለታል።

«እሑድ ገደል አፋፍ መጥተህ ይህንኑ ተናገር» አሉት።

«እንጀራዬ ነው እትዬ ጥሩሸዋ።»

«የእሷ ልጅስ ምኗ ነበር?» ብለው ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ፤ ገበያነሽም ተከትላ ወጣች።

እዚያው ዋሻ በር ያለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ሲያያቸው ጠመንጃውን ተደግፎ ሣቀ። «እናንተ ሴቶች፣ ተሰፍታችሁ ነው የተወለዳችሁ?»

«አዎን፤ አሁን አንተን ደግሞ ልንሰፋህ ነው። ዘወር በል» አለችው ገበያነሽ። ዘበኛው እየሣቀ አሳለፋቸው።

ጓድ ተገኘ ወጣት፣ ልብሱን በወጉ የሚለብስ ሰው ነበር። በመጀመሪያ በአክብሮት ተቀበላቸው። «ጓዲት ጥሩሸዋ፣ ይህ የባላባት ዘመን ልማድ ነው። ይፍቱት፤ ለአንድ የማኅበር ሊቀመንበር አይገባም።»

«እኔ አልቋጠርኩትም፤ አልፈታውም። የመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው። የክሊኒኩን ላምባ ውሰዱ ያለው ማነው?»

«ላምባው ለአብዮቱ በዓል ነው የዋለው። አብዮቱ ይጠየቃል እንዴ?»

«አብዮቱን በአካል አላውቀውም። እሱ ጄሪካን አይሸከምም። ይወሰድ ያለ አንድ ሰው አለ።»

ጓድ ተገኘ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ አክብሮቱም አብሮ ዝቅ አለ። «ስሚኝ። ለአንቺም ለእኔም የሚበጅ አለ። ልጆቹ ቀድመው ታመው ነበር፤ እናቶቹ ዘግይተው አመጧቸው፤ ክትባቱ ምንም ችግር የለበትም ብለሽ ንገሪያቸው። አንቺ ካልሽ ያምናሉ። ዋስትናሽ ይወርዳል፤ አዲሱም ክትባት ይሰጣል። ልጆቹን ማዳን አይደለም የምትፈልጊው?»

መልካም ሐሳብ ይመስል ነበር። ገበያነሽ ከወይዘሮ ጥሩሸዋ አጠገብ ትተነፍሳለች፤ ቋጠሮው በመካከላቸው ተንጠልጥሏል፤ ጠጄ በእንቅልፏ ታጉረመርማለች። አንዲት ውሸት ብትነገር እሑድ ሕፃናቱ ይወጋሉ። ላምባው ግን በሚመጣው በዓል እንደገና ይወሰዳል፤ ያን ጊዜም እናቶቹ ዘገዩ ይባላል።

«አይሆንም» አሉ። «እነዚህ እናቶች የመጡት እኔ ስጠራቸው ነው፤ በጠራኋቸው ሰዓት ነው የመጡት። ዘገያችሁ ብላቸው ልጆቻቸውን ሁለተኛ መግደሌ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር እጠብቅዎታለሁ። ላምባውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ከእንግዲህ አይወሰድም ብለው በአፍዎ ይናገሩ። ሌላ አልጠይቅም።»

«ባልመጣስ?»

«ስምዎን እጠራለሁ።»

«ይህ ፀረ አብዮት ንግግር መሆኑን ታውቂያለሽ?» ጠረጴዛውን መታው። «ከዛሬ ጀምሮ ሊቀመንበር አይደለሽም! ዘበኛ! አውጣልኝ!»

ዘበኛው ገብቶ የቱን ክንድ እንደሚይዝ ግራ ገብቶት ቆመ። ሁለቱ በገዛ እግራቸው ወጡ።

ገበያነሽ ማታ ከደጇ ሲደርሱ ቋጠሮውን ፈታችው። «እስከ እሑድ በቃልዎ ነዎት» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ ነገር ግን ቤቷ ገብታ የተቆላ ገብስ ይዛ ወጥታ በእጃቸው አስጨበጠቻቸው።

ያን ሣምንት ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንዝርት ይዘው ክር አልወጣላቸውም። ውሻ በጮኸ ቁጥር የሚያስራቸው መጣ ብለው ይወጣሉ። ወጥተው ማንንም ሲያጡ ደግሞ ጓድ ተገኘ ልቡ ተመልሶ እየመጣ ቢሆንስ ብለው መንገዱን ቁልቁል ያያሉ። ሁለቱም አልሆነም። ሌላ ኩፍኝ የገባበት ቤት ግን ተሰማ።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። እናቶች በበሩ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ እስከ ጥዱ ዛፍ ይመላለሱ ነበር። ጥላው ካጠረ በኋላ አንዲት ሴት «እንግዲህ መንግሥት እንቅልፍ ላይ ነው» ብላ ስትቀልድ ሌሎቹ ለመሄድ ተነሡ።

በዚህ ጊዜ አፈወርቅ ብቻውን፣ በእግሩ፣ ሣጥን ሳይዝ መጣ። ሰው መካከል ቆመ። ላምባው በማን ትእዛዝ እንደ ተወሰደ፣ እሳቱ እንደ ጠፋ፣ እሱም በብርዱ ተማምኖ እንደ ወጋ አንድ በአንድ ተናገረ። ሲጨርስ ጩኸት ሆነ። አንዷ አፈር ዘግና በተነችበት። አልሸሸም።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁና ወደ ፊት ወጡ። «እሱ ተላኪ ነው ብያችሁ ነበር፤ ተላኪው መጥቷል። ላኪውን ጓድ ተገኘን በስሙ ጠርቼ አመጣዋለሁ ብዬ አልቻልኩም። እንግዲህ በእርሱ እግር የምቆመው እኔ ነኝ። ተበዳይዋ ገበያነሽ ናት፤ እሷ ትፍረድ።»

ሁሉም ወደ ገበያነሽ ዞሩ። እሷም ጠጄን ከጀርባዋ አውርዳ በእቅፏ አደረገች።

«የአንቱን አካል ምን አደርገዋለሁ?» አለች በመጨረሻ። «ወዳጆን አይመልስልኝም። እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ዋሻ በር ወርደው እሳቱ አጠገብ ይቀመጡ። ላምባ የሚወስድ ቢመጣ አንቱን ረግጦ ይለፍ። ሲያልቅ የሚጠይቁት አንቱ ነዎት። አንቱ ሲደክምዎ ከእኛ አንዷ ትተካለች። የመንግሥት ሰው መጥቶ ‹ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ብጠየቅበትም እኔ ነኝ› እስኪል ድረስ ዋስትናዎ አልወረደም።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። ፍርዱን ለመቀበል ያን ያህል ስለ ፈጠኑ ቄስ ወልደ አማኑኤል ሳያስቡት ፈገግ አሉ።

«ልጆቹስ?» አለ አፈወርቅ። «መድኃኒቱ ደኅና ነው፤ በሽታው ግን አይጠብቅም።»

«አንተ ዝም በል፤ ደኅና ነው ማለትህን ሰምተነዋል» አለችው ገበያነሽ። «ሄጄ በዓይኔ ሳላይ ክንዷን አልገልጥም።»

በማግሥቱ ብዙ እናቶች ተከትለዋት ዋሻ በር ወረዱ። እነሱ በክሊኒኩ በር ሲኮለኮሉ ገበያነሽና ወይዘሮ ጥሩሸዋ ብቻ ገቡ። ገበያነሽ ጠጄን ለወይዘሮ ጥሩሸዋ አቀበለችና በሲሚንቶው ወለል ላይ በደረቷ ተኛች፤ ጉንጯን መሬት አስነክታ ከማቀዝቀዣው ሥር አየች። ሰማያዊው እሳት ዝም ብሎ ይነዳ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገባች፤ እስኪቆረጥማት ድረስም አቆየችው። ተነሥታ አቧራውን ከጉንጯ ሳትጠርግ ልጇን ተቀበለች፤ የልጅቱን ክንድ ገልጣ ለአፈወርቅ አቀረበች። በበሩ የቆሙት ሴቶች ይህን ሲያዩ ሰልፍ መያዝ ጀመሩ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግን አልተቀመጡም። በጥጉ ያለውን ጄሪካን አንሥተው ነቀነቁት፤ የቀረው ላምባ ጥቂት መሆኑን ከድምፁ ዐወቁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጄሪካኑን በእጃቸው ይዘው፣ ወደ ጓድ ተገኘ ጽሕፈት ቤት አቀኑ።